ስለ ትምህርት ቤቶችና ስለ ዩኒቨርሲቲዎች መረዳዳት

(በትምህርት ቤቱ 60ኛ ዓመት በዓል ላይ ለተማሮች፣ ለወላጆችና ለእንግዶች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የትምህርት ቤታችን 60ኛ ዓመት የሚከበርበት ቀን ነው። በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ያለፈውን ማመስገን ነው፤ ይህንንም ከእኔ በፊት የተናገሩት በሚገባ ፈጽመውታል። እኔ ልናገር ያሰብሁት ልጆቻችን ከዚህ በር ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ገብተው የመጀመሪያውን ዓመት እስኪጨርሱ ድረስ ስላለው መንገድ ነው። ይህ መንገድ ባለቤት የለውም። እኛ «አስተምረናል፤ አስፈትነናል፤ ሸኝተናል» እንላለን። በዩኒቨርሲቲው በኩል ደግሞ «ሳይዘጋጁ መጡብን» ይባላል። በመካከሉ የሚቸገረው ገና አሥራ ስምንትና አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ ነው።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ስለ ሆንሁ በማውቀው ልጀምር። ከእኛ ዘንድ በመልካም ውጤት የሄደ ልጅ የአንድን ፋንክሽን ዴሪቬቲቭ ሳያስብ ያወጣል። ዴሪቬቲቭ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ በሁለት ዐረፍተ ነገር እንዲያስረዳ ቢጠየቅ ግን ዝም ይላል። ይህ የሆነው ልጁ ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም። እኛ ያዘጋጀነው ለብሔራዊ ፈተና ነው፤ ብሔራዊ ፈተና ደግሞ መልሶቹን ደርድሮ «አንዱን ምረጥ» የሚል ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ «ሥራውን አሳይ፤ ለምን እንደ ሆነ ጻፍ» ይባላል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሁሉ መገልበጥ የለመደው ልጅ በትልቅ አዳራሽ ተቀምጦ መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲናገር መስማትና የሚጠቅመውን ለይቶ መጻፍ ይኖርበታል። ይህን መቼ አስተማርነው? በኬሚስትሪውም እንዲሁ ነው። ቢዩሬትን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የሚያውቅ ልጅ ቤተ ሙከራ ገብቶ ቧንቧዋን ቀስ አድርጎ መክፈት ሲያቅተው የሚስቁበት አሉ። ሊሳቅበት አይገባም፤ ለብዙዎቹ ተማሮች እጃቸው ቢዩሬት ሲነካ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነውና።

በዚህ ላይ የኑሮው ለውጥ አለ። ቤቱ ሳለ እናቱ ትቀሰቅሰዋለች፤ እዚህም የክፍል ኃላፊው መምህር ስሙን ይጠራል። «ግቢ» ከገባ በኋላ ከክፍል ቢቀር ቶሎ ብሎ «የት ነበርህ?» የሚለው የለም። ለመመረቅ አማካይ ነጥቡ 2 መድረስ እንዳለበትና በመጀመሪያው መንፈቅ የወረደ ነጥብ እስከ መጨረሻው አብሮት እንደሚሄድ የሚረዳው አብዛኛውን ጊዜ ከወረደ በኋላ ነው። ሴቶች ልጆቻችን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሌላ ተጨማሪ ጭንቀት አለባቸው። ከቤተ ሰብ ርቀው በማያውቁት ከተማ ሲያድሩ በማን ላይ እምነት መጣል እንደሚገባቸው አስቀድሞ የሚነግራቸው እኅት ያስፈልጋቸዋል።

ይህ ችግር አዲስ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው መሻገር በአገራችን የቆየ ሥርዓት ነበረው። የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት አስቡ። ንባብ የጨረሰ ልጅ ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዚያም ወደ መጻሕፍት ቤት ይሄዳል። ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ የሚጓዘው ልጅ አኮፋዳውን አንግቶ አገር ያቋርጣል። መንገዱ ከዛሬው ይልቅ የከበደ ነበር፤ ረኃቡም፣ ውሻውም፣ በሽታውም ቀላል አልነበረም። ዳሩ ግን ሲደርስ ቀድሞ የገባው ተማሪ ጎጆ ያሳየዋል፤ ቀለም ያስቀጽለዋል፤ የጉባኤውን ሥርዓት ይነግረዋል። የኔታም «ከማን ዘንድ ተማርህ?» ብለው ይጠይቁታል። መልሱን ሲሰሙ ልጁ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደሚጐድለው በግማሽ ይረዱታል፤ ያስተማረውን መምህር በስም ወይም በዝና ያውቁታልና። የዛሬ ንግግሬ ፍሬ ነገር በዚህች ጥያቄ ውስጥ ያለ ነው። ዛሬ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ተማሪውን «ከማን ዘንድ ተማርህ?» ቢለው መልሱ ምንም አይነግረውም። እኔን አያውቀኝም፤ እኔም አላውቀውም።

በዘመናዊው ትምህርትም መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ኃላፊ የሆኑት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ቀደም ብሎ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ወደ ኮሌጁ ከገቡት መካከል የትምህርት ቤታቸውን ዲሬክተር እዚያው ያገኙ ነበሩ። የአለማያ እርሻ ኮሌጅም ሕንፃው እስኪያልቅ ድረስ ትምህርቱን የጀመረው በጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃው ኮሌጁን አስጠግቶ አሳደረው ማለት ነው። ኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በእርሱ ሥር የልዑል በእደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ 11ኛ ክፍልን በብልጫ የጨረሱ ልጆች ወደዚያ እየመጡ 12ኛ ክፍልን ይማሩ ነበር፤ ለመምህርነት የሚሠለጥኑትም ትምህርት መስጠትን ይለማመዱበት ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተዋውቆ መግባት ምን ያህል እንደሚረዳ ከዚያ የወጡትን መጠየቅ ይበቃል። እርግጥ ነው፤ ይህ ለተመረጡት ብቻ የሆነ ዕድል ነበር። የቀረው ልጅ በየአውራጃው ይቀር ነበር።

ለቀረው ልጅ የደረሰለት ሌላ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሮች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር ሄደው እንዲያገለግሉ ተደነገገ። አብዛኞቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ከትምህርቱ ጋር የፖለቲካውም ወሬ አብሮ መግባቱ የታወቀ ነው፤ ያን ጊዜ ያልወደዱት ባለሥልጣኖችም ነበሩ። የሆነ ሆኖ በሩቅ ከተማ የሚማር የ11ኛ ክፍል ልጅ ዩኒቨርሲቲ ማለት ምን እንደ ሆነ ከሕያው ሰው አፍ ይሰማ ነበር። ያ ወጣት መምህርም ሲመለስ የገጠሩ ልጅ በምን ወንበርና በምን መጽሐፍ እንደሚማር ዐውቆ ይመለስ ነበር። ይህ አገልግሎት በ1966 ዓ.ም. ከፈነዳው አብዮት ወዲህ በቀድሞው መልኩ አልቀጠለም። በእኔ አስተያየት በሁለቱ የትምህርት ደረጃዎች መካከል ከተሠሩት ድልድዮች ሁሉ በጣም ሰፊው እርሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልለፈው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛንና 12ኛን ክፍል መሰናዶ አደረጋቸው፤ የፍሬሽማኑም ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ እንዲወርድ ሆነ። ትምህርቱ ወረደ፤ ቤተ ሙከራው፣ መጽሐፉና መምህሩ ግን በዚያው ልክ አብረው አልወረዱም። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን እንደ ገና ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰ። ጭነቱ ከአንዱ አጋሰስ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ሁለቱ ባለ አጋሰሶች ቁጭ ብለው አልተመካከሩም። በዚሁ ዘመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ሆነ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከእነዚህ ወንበሮች የተማሪዎቻችን ታላላቆች ዩኒቨርሲቲ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ሲበዛ ትውውቁ ጠፋ።

ከዚያም ሁላችንም የምናስታውሰው ጊዜ መጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ውስጥ ተሰጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሮች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ከመቶ 8.4 አለፉ። ዩኒቨርሲቲዎቹም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማለፊያውን ያላገኙ ብዙ ተማሮችን እየተቀበሉ በማካካሻ ትምህርት፣ በተለምዶ «ሬሜዲያል» በምንለው፣ የ11ኛንና የ12ኛን ክፍል ትምህርት እንደ ገና ማስተማር ያዙ።

እስቲ ይህን ነገር አስተውሉት። የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ፣ በዩኒቨርሲቲ ቀለብ፣ የእኛን የ11ኛ ክፍል ትምህርት ያስተምራል። ተማሪውን ከእኛ ዘንድ ሳለ መርዳት ይቀል እንዳልነበረ ማን ሊናገር ይችላል? ሌላም የሚያሳዝነኝ አለ። በዚያ ፈተና ምክንያት ልጆቻችን ከእርሳሳቸውና ከመታወቂያቸው ጋር ተፈትሸው ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፤ በዶርሙ ያድራሉ፤ ይፈተናሉ፤ ይወጣሉ። ለብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲን በዓይናቸው ሲያዩ ያ የመጀመሪያቸው ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በአጠገባቸው ሳለ ሳያዩት ይመለሳሉ። ፈተናው በጥብቅ መጠበቁ ተገቢ ነው፤ አልቃወመውም። ከልጆቹ አብዛኞቹ ግን ያን በር ዳግመኛ አያልፉትምና፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ የሚቀርላቸው ትዝታ የፍተሻው ሰልፍ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን እንዴት አደረጉት? በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1871 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንድ ሥርዓት ጀመረ። ፕሮፌሰሮቹ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየሄዱ ክፍሎቹን ያያሉ፤ ትምህርቱን ይመረምራሉ። መልካም ሆኖ ከተገኘ ትምህርት ቤት የሚመጣው ተማሪ ያለ መግቢያ ፈተና ይገባል። ፈተናውን ትተን መሄዳቸውን ብቻ እንያዝ። በዚያው አገር በ1974 በኒው ዮርክ ከተማ የላጓርዲያ ኮሌጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በራሱ ቅጥር ከፈተ። የተቀበለውም ብልጦቹን አይደለም፤ ትምህርታቸውን አቋርጠው ይወጣሉ ተብሎ የተፈራላቸውን ነው። ይህ ከበእደ ማርያም ጋር ሲነጻጸር ተቃራኒ ነው፤ እኔም የማደንቀው ስለዚህ ነው።

በአገራችንም ባዶ አይደለንም። የባሕር ዳርን ጨምሮ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከሎች ተከፍተው ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች የተመረጡ ልጆች በትርፍ ጊዜያቸውና በክረምት እጃቸውን ያሠለጥናሉ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸውን ትምህርት ቤት ያስተዳድራሉ። እነዚህ መልካም ናቸው። ጉድለታቸው ወደ ማዕከሉ የሚሄደው ልጅ እንጂ መምህሩ አለመሆኑ ነው። አንድ ልጅ ሠልጥኖ ቢመለስ አንድ ልጅ ተጠቀመ። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ሠልጥኖ ቢመለስ ግን እስከ ጡረታው ድረስ የሚያስተምራቸው ሁሉ ይጠቀማሉ።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ከመምህራኑ ይጀመር የሚል ነው። በክረምቱ፣ ትምህርት በተዘጋበት ሰሞን፣ የእኛ የሒሳብ መምህራን ከዩኒቨርሲቲው የፍሬሽማን ሒሳብ መምህራን ጋር ሁለት ቀን አንድ ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጡ። በጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ይኑር፤ አንዱ የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ሁለተኛው የፍሬሽማን የመጀመሪያ መንፈቅ ፈተና። ከዚያ «ልጁ ከዚህ እዚያ የሚደርሰው በምንድን ነው?» ተባብለው ይነጋገሩ። ንግግር ማድረግ፣ ባነር መስቀል፣ አበል መቁጠር አያስፈልግም። ፊዚክሱም፣ እንግሊዝኛውም እንዲሁ ያድርግ። እንግሊዝኛውን በተለይ አጥብቄ እላለሁ። በ12ኛ ክፍል በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሳይጽፍ ተናግሮ ተማሮቹ ማስታወሻ ቢይዙ፣ ማስታወሻቸውም ቢታረም፣ ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛው የምጠይቀው ወሬ ነው። ከዚህ የሄዱት ልጆች በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ምን ሆኑ? ስንቱ ተሻገረ? ስንቱ በምን ትምህርት ወደቀ? ስም አንፈልግም፤ የልጆቹ ገመና ይጠበቅ፤ ቁጥሩ ይበቃናል። በዚህ ትምህርት ቤት በኖርሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ወረቀት በእጄ ገብቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ጽፈን ነበር፤ «ደብዳቤያችሁ ደርሶናል» የሚል መልስ እንኳ አልመጣም። ገበሬ እንኳ እህሉ ገበያ ላይ እንዴት እንደ ተሸጠ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ መሰናክል አለ፤ ከእንግዶቻችን አንዱ ዛሬ ጧት በሻይ ሰዓት አንሥተውልኛል። ልጆቻችንን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። እኛ አጠገባችን ካለው ዩኒቨርሲቲ ጋር ብንወዳጅ ልጆቻችን ወደ ጅማ፣ ወደ ሐሮማያ ወይም ወደ ጎንደር ሊመደቡ ይችላሉ። ታዲያ ጎረቤታችን የሆነው ዩኒቨርሲቲ ሌላው ለሚያጭደው ለምን ይዘራል? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ እንዲህ እመልሳለሁ፤ ለእርሱም የሚመጡለት ልጆች ከሌላ አገር የሚመጡ ናቸው፤ እዚያም የሚያዘጋጃቸው ዩኒቨርሲቲ እንዲኖር ይመኛል። እያንዳንዱ በዙሪያው ያሉትን ቢይዝ የሚቀር ትምህርት ቤት አይኖርም። ይህ ግን በአንዱ በጎ ፈቃድ ብቻ እንደማይቆም ዐውቃለሁ። ሚኒስቴሩ የዩኒቨርሲቲን ሥራ ሲመዝን በዙሪያው ላሉት ትምህርት ቤቶች ያደረገውን አብሮ ሊመዝን ይገባል። የልጆቹም ወሬ ከየተመደቡበት ተሰብስቦ በሚኒስቴሩ በኩል ወደየትምህርት ቤቱ ቢመለስ የሚከለክል ነገር አይታየኝም፤ ማን የት እንደ ተመደበ መዝገቡ ከእርሱ ዘንድ ነውና።

ስለ ስምምነት ወረቀቶችም አንድ ቃል ልናገር። «የመግባቢያ ሰነድ» የሚባለው ነገር በአገራችን ብዙ ተፈርሟል። ይፈረማል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከዚያ ወረቀቱ መሳቢያ ይገባል። የፈረሙት ሁለቱ ኃላፊዎች ሲቀየሩ ወዳጅነቱም አብሮ ይቀየራል። እኔ ከፊርማው በፊት አንድ ጊዜ ተሠርቶ ማየትን እመርጣለሁ። በሚገባ የተሠራውን ነገር መፈረም ኋላ አያስቸግርም።

ለወላጆች የምለው አጭር ነው። ልጃችሁ በ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ሲመርጥ፣ ኋላም የትምህርት ክፍል ሲመርጥ፣ «ሐኪም ሁን» ወይም «ኢንጂኔር ሁኚ» ከማለታችሁ በፊት በዚያ ትምህርት ያለ አንድ ተማሪ ፈልጋችሁ ከልጁ ጋር አገናኙት። አንድ ሰዓት ይበቃል።

እናንተ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ያላችሁ ልጆች ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት የእናንተ ተራ ነው። ከእናንተ በፊት የሄዱት በመንፈቁ ዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲመጡ ከተማው ውስጥ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ሲዞሩ አያቸዋለሁ፤ ለዚህም አልወቅሳቸውም፤ ደክመዋል። ከዕረፍታቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ለእኛ ቢሰጡን ግን እንደ ቅኔ ቤቱ የቀደመ ተማሪ ጎጆውን ለሚመጣው ያሳዩት ነበር። ሴቶቹ ለሴቶቹ ለብቻ ይንገሩ፤ እኛ ወንዶቹ መምህራን የማንመልሰው ጥያቄ አለና። የተማሮች መማክርት ከአሁን ጀምሮ የስልክ ቁጥራቸውን ቢሰበስብ የዲሬክተሩን ፈቃድ አስቀድሜ ጠይቄአለሁ፤ ፈቅደዋል።

ከዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ በዓላችንን ስላከበራችሁልን እናመሰግናለን። የምንጠይቃችሁ ሕንፃ ወይም ኮምፒዩተር አይደለም። የፍሬሽማን ሒሳብ የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን በሐምሌ ለሁለት ቀን እንድትልኩልን ነው። እኛ የሒሳብ መምህራን አራት ነን፤ አራታችንም እንገኛለን። የ12ኛ ክፍሉን ወረቀት እኛ እናባዛለን፤ የእናንተን እናንተ ይዛችሁ ኑ። የመምህራኑ ክፍል ሰፊ ነው፤ ሰሌዳውም ባለፈው ወር ተቀብቷል። የመጓጓዣውን ነገር የወላጆች ኮሚቴ በኃላፊነት ይዞታል፤ ምሳውንም የቤት አያያዝ ክበብ ተማሮች እናዘጋጃለን ብለዋል። ቀኑን ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት ለክቡር ዲሬክተሩ ብትነግሩልን ነገ ጧት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንለጥፈዋለን።